ምራቅን ከጨረር ለማዳን የተሄደባቸው ሁለት መንገዶች

እስቲ አፋችሁ ክው ብሎ ደርቆ ቆሎ ስትበሉ አስቡት። ብታኝኩትም አልዋጥ ይላል። ምራቅ ምግብን ያርሳል፣ ጣዕምን ወደ ምላስ ያደርሳል፣ ጥርስንም ከመበስበስ ይጠብቃል። ጤነኛ ሰው በቀን ከግማሽ እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫል።

የአፍ ወይም የጉሮሮ ካንሰር ይዟቸው በጨረር የሚታከሙ ሰዎች ግን ይህን ሊያጡ ይችላሉ። ምራቅ አመንጪ ዕጢዎችን፣ በተለይ ጆሮ ሥር ያሉትንና ፓሮቲድ የሚባሉትን ትልልቆቹን፣ ጨረር በቀላሉ ይጎዳቸዋል። ካንሰሩ ከዳነ በኋላ እንኳ የአፍ ድርቀቱ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። ታዲያ ምን ይሻላል?

የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው አፍ ውስጥ አልነበረም። በ1949 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አሜሪካዊው ሃርቪ ፓትና ባልደረቦቹ፣ ሲስቲን የተባለ አሚኖ አሲድ ቀድመው የተሰጣቸው አይጦች ኃይለኛ ኤክስሬይን የተሻለ እንደሚቋቋሙ አሳዩ። ጊዜው የኑክሌር ጦርነት የሚፈራበት ነበር። የአሜሪካ ጦር የዋልተር ሪድ የምርምር ተቋም ወታደሮችን ከጨረር የሚከላከል መድኃኒት ፍለጋ ከ4,000 በላይ ውህዶችን መረመረ። ከእነዚህ ውስጥ ተስፋ የተጣለበት ቁጥሩ 2721 የሆነው ነው፤ ዛሬ አሚፎስቲን ይባላል።

እንዴት ይሠራል መሰላችሁ? ጨረር ሴል ውስጥ ያለውን ውሃ ሲመታ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ቅንጣቶች ይፈጠሩና ዲኤንኤን ያጠቃሉ። አሚፎስቲን እነሱን ያመክናል፤ ያውም ከካንሰሩ ይልቅ በጤነኛ ሴሎች ውስጥ በርትቶ። በ2000 የታተመ፣ ከ300 በላይ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት እንዳሳየው፣ በሕክምናው ሰሞን የጠና የአፍ ድርቀት የገጠማቸው ሕሙማን ከ78 ወደ 51 በመቶ ወርደዋል። ችግሩ ግን መድኃኒቱ ከእያንዳንዱ ጨረር በፊት በደም ሥር ይሰጣል፤ ያስመልሳል፣ የደም ግፊትንም ያወርዳል።

ሁለተኛው መንገድ ሌላ ጥያቄ ይዞ መጣ፦ ዕጢውን ጋሻ ከማልበስ ይልቅ ጨረሩን ለምን አናሳልፈውም? በ1999 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወሰኑን ለኩ። ፓሮቲድ የሚያርፍበት ጨረር በአማካይ ከ26 ግሬይ ካልበለጠ ቀስ በቀስ ያገግማል። ካንሰሩን ለማጥፋት ደግሞ ወደ 70 ግሬይ ያስፈልጋል። ሁለቱ የሚገኙት ጎን ለጎን ነው! ኮምፒዩተር የጨረሩን ኃይል ከብዙ አቅጣጫ እየመጠነ እንዲቀርጸው ሲደረግ ግን ካንሰሩን መትቶ ዕጢውን መቆጠብ ተቻለ። ይህ ዘዴ አይኤምአርቲ ይባላል። በ2011 የታተመው የብሪታንያ ጥናት ከሕክምና አንድ ዓመት በኋላ የነበረውን ሁኔታ አነጻጸረ፦ በድሮው ዘዴ ከታከሙት 74 በመቶው፣ በአዲሱ ከታከሙት ግን 38 በመቶው ብቻ ጉልህ የአፍ ድርቀት ነበረባቸው።

ልዩነቱ ያለው እንግዲህ በመሣሪያው ነው። በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ፣ በኮባልት መሣሪያ ይሰጥ ነበር፤ ያ መሣሪያ ደግሞ ጨረርን እንዲህ ለመቅረጽ የተሠራ አይደለም። ለዚህ ነው «መሣሪያ መጣ» የሚል ዜና ስትሰሙ «ምን ዓይነት?» ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ። ዕጢውን የማትረፊያው ጊዜም የመጀመሪያው ጨረር ከመተኮሱ በፊት፣ ዕቅዱ ሲነደፍ ነው።