ያልተመዘገበው ሙላት፦ ትንሹ አቃቂ በኮልፌ ቀራንዮ



የአዲስ አበባ ታሪክ ሲጻፍ ቤተ መንግሥቱና ገበያው ይቀድማሉ፤ ወንዞቹ ግን የሠፈር ወሰን ከመሆን ያለፈ ስፍራ እምብዛም አያገኙም። ትንሹ አቃቂ ከከተማዋ ምዕራባዊ ከፍታዎች ተነሥቶ በኮልፌ ቀራንዮ በኩል ወደ መካኒሳ ይወርዳል፤ በአባ ሳሙኤል ሐይቅም ከትልቁ አቃቂ ጋር ተገናኝቶ ወደ አዋሽ ያመራል።

ከተማዋ በዓመት ከምታገኘው 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። መሬቱ ተዳፋት በመሆኑ ወንዙ በሰዓታት ሞልቶ በሰዓታት ይጎድላል። በቀን አንድና ሁለት ጊዜ ብቻ የሚነበብ የውኃ ከፍታ መለኪያ የሌሊቱን ሙላት ሳይዘው ሊቀር ይችላል።

የግጦሽና የእርሻ መሬት የነበረው በቆርቆሮ ጣሪያና በአስፋልት ሲሸፈን፣ አፈሩ ይመጠው የነበረው ዝናብ በቀጥታ ወደ ወንዙ ገባ፤ ቤቶችም ወደ አፋፉ ተጠጉ።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በመዲናዋ የሰው ሕይወት እንዳጠፋው ያለ ጎርፍ በዜና ይመዘገባል። የአንድ ቤት ወለል አርሶ፣ የአንድ ጓሮ አጥር ወስዶ የሚያልፈው ሙላት ግን ይረሳል። የተረሳው ሙላት ዳግም ሲመጣ “ድንገተኛ” ይባላል፤ ወቀሳውም በዝናቡ ወይም በዳርቻው ነዋሪ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ የወረዳ አቤቱታን፣ የዕድር መዝገብንና የአረጋውያንን ቃል ከመለኪያው ንባብ ጎን ልናኖር ይገባል። ዕድር ጎርፍ ለጎዳው አባሉ ርዳታ የሰጠበት ቀን፣ መለኪያው ያልያዘው ሙላት መቼ እንደ ደረሰ ሊያመለክተን ይችላል።