ቁስል በቁጥር

ለመሆኑ ቁስል በቁጥር ይለካል? የሰው ሂሳብ ስደምርና ስቀንስ የምውል የባንክ ሠራተኛ ነኝና ጥያቄው ይከነክነኛል።

እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን፣ ተጫዋቾች ጠረጴዛ ከብበው የተረት ጀግኖችን ሚና የሚጫወቱበትን «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» በአሜሪካ አሳተሙ። አርነሰን ቀደም ሲል በሚመራው ጨዋታ ጀግናው በአንድ ምት ይሞት ነበር፤ ተጫዋቾቹ ግን የለፉበትን ጀግና እንዲህ በቀላሉ ማጣት አልወደዱም። እርሱም ከብረት ለበስ የጦር መርከቦች ጨዋታ ሐሳብ ተውሶ ለጀግናው የሕይወት ነጥብ ሰጠው። በተመታ ቁጥር ነጥቡ ይቀነሳል፤ ሲያልቅ ይሞታል። ይሁን እንጂ አንድ ነጥብ ብቻ የቀረው ጀግና ልክ እንደ ጤነኛ ሰይፉን ይሰነዝራል።

በ1978 የወጣው «ሩንክዌስት» ግን በዚህ አልረካም። ነጥቡን ለራስ፣ ለደረት፣ ለሆድ፣ ለእጅና ለእግር አከፋፈለው። እግሩን ክፉኛ የተመታ ይወድቃል፤ ክንዱን የተመታ የያዘውን ይጥላል።

አባቴ ከጦር ሜዳ ይዞት የተመለሰው የጉልበት ቁስል ከዳነ ብዙ ዓመት ሆነው። ደረጃ ሲወጣ ግን ዛሬም ግድግዳ ይደገፋል። የባንክ መዝገብ ቢሆን «ተወራርዷል» ብዬ በዘጋሁት ነበር። ቁስል ግን ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ቦታ አለው።