እንቅልፍ የነሳ ዘመን

የቀይ ሽብር ታሪክ ሲወሳ የሞተውና የታሰረው ይነሣል። እኔ ዛሬ ላነሣው የምሻው ግን እንቅልፉን የተነጠቀውን ነው።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን እንደያዘ ሰዓት እላፊ ዐወጀ። አዲስ አበባ በጊዜ ገብታ በጊዜ የምትተኛ ከተማ ትሆናለች ያሰኛል። ነገሩ ግን እንዲያ አልሆነም። በመጋቢት 1969 ዓ.ም. የቤት ለቤት አሰሳው ከተጀመረ ወዲያ ሌሊቱ የአብዮት ጥበቃ ሆነ። በልደታ፣ በእኛ ጌጃ ሰፈር፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነበር፤ የጎረቤት ሳል የሚሰማበት ሰፈር የጎረቤት በር መንኳኳቱንም ያሰማል። እናት ልጇ ይተኛ ብላ ትነቃለች፤ ልጅም የእናቱን መንቃት እያዳመጠ ያነጋል። ሌላ ጊዜ እሹሩሩ የሚለው የክረምት ዝናብ እንኳ ጠላት ሆነ፤ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ የእግር ኮቴ አያሰማምና።

ሐኪሞች እንደሚያስረዱን፣ ፍርሃት አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉትን ሆርሞኖች ይቀሰቅሳል፤ ልብ ይፈጥናል፤ ጥልቁ እንቅልፍ ይሸሻል። በደኅና እንቅልፍ የደም ግፊት ዝቅ ይላል፤ አእምሮም የቀኑን ትዝታ ያደላድላል። ይህን ለረጅም ጊዜ ያጣ ሰው ለደም ግፊት፣ ለልብ ሕመምና ለድብርት ይጋለጣል። እንግዲህ የዚያን ዘመን ጉዳት በመቃብር ብቻ መለካት፣ በእኔ እምነት፣ አጉድሎ መስፈር ነው።

ደርግ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ። ሌሊት ከደጅ መኪና ሲቆም ግን ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድመው የሚነቁት ዛሬም አዛውንቶቹ ናቸው።