አንድ ስም፣ ብዙ ገጽታ፦ የቡዶካይ እትሞች ታሪክ

አኪራ ቶሪያማ ከ1984 እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ሾነን ጃምፕ በተባለው የጃፓን ሳምንታዊ መጽሔት ላይ በሥዕልና በጽሑፍ በተከታታይ ያወጣው ድራጎን ቦል፣ ወደ አኒሜ፣ ማለትም ወደ ጃፓን የካርቱን ፊልም፣ ከተሸጋገረ በኋላ ለበርካታ የቪዲዮ ጌሞች ምንጭ ሆኗል። ከእነዚህም ውስጥ ዲምፕስ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሠራው ድራጎን ቦል ዜድ ቡዶካይ የተሰኘው የድብድብ ጌም ለታሪክ ጸሐፊ ልዩ ጥቅም አለው፤ ምክንያቱም በአንድ ስም የሚጠራ ጌም ከአንዱ ኮንሶል (ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ ከሚያጫውተው ማሽን) ወደ ሌላው ሲዛወር መልኩም፣ የአጨዋወት ስልቱም፣ ድምፁም ሊለወጥ እንደሚችል እንደ እርሱ በግልጽ የሚያሳይ ሌላ ጌም ማግኘት ያስቸግራል።

ጌሙ መጀመሪያ የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ለተባለው ኮንሶል ሲሆን፣ የተሠራው በጃፓን ቢሆንም አውሮፓና ሰሜን አሜሪካ በ2002 መገባደጃ ላይ ሲያገኙት የጃፓን ገበያ ግን እስከ የካቲት 2003 እ.ኤ.አ. መጠበቅ ነበረበት። በ2003 መጨረሻ ደግሞ ኔንቴንዶ ለሠራው ጌምኪዩብ ለተባለው ኮንሶል ሌላ እትም ወጣ። ታሪኩ፣ ተፋላሚዎቹና የድብድቡ ሕግ ከመጀመሪያው እትም ጋር አንድ ናቸው፤ የተለወጠው ዓይን የሚያየው ነው፤ ለውጡም የመጣው ሴል ሼዲንግ በተባለ የአሣሣል ዘዴ ነው። ሴል የሚለው ቃል የቀድሞዎቹ የካርቱን ሠዓሊዎች ቀለም ይቀቡበት ከነበረው ብርሃን አሳላፊ ስስ ፕላስቲክ የተወሰደ ነው። በተለመደው የሦስት አውታር ሥዕል ብርሃን በአካል ላይ ሲያርፍ ከደማቁ ወደ ጨለማው ቀስ በቀስ እየደበዘዘ የሚሄድ ሲሆን፣ በሴል ሼዲንግ ግን አንዱ ወገን ብሩህ ሌላው ወገን ጥላ ሆኖ በመካከላቸው ያለው ድንበር በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል።

ልዩነቱ በአንድ ክንድ ላይ እንኳ በጉልህ ይታያል። በፕሌይስቴሽን 2 እትም የዋናው ጀግና የጎኩ ጡንቻ ዙሪያውን ቀስ በቀስ እየጠቆረ ስለሚሄድ ከፕላስቲክ የተሠራ አሻንጉሊት ክንድ ይመስላል፤ በጌምኪዩብ እትም ግን ያው ክንድ ሁለት ዓይነት ቀለም ብቻ እንደተቀባ ሆኖ ከቴሌቪዥኑ ካርቱን የተነሣ ይመስላል። አኒሜን ለመምሰል የተሠራ ጌም ሁለተኛው መልክ ይበልጥ እንደሚስማማው አያከራክርም፤ ሠሪዎቹም ይህን የተረዱት ይመስላል፤ ሁለተኛው ቡዶካይ በ2003 መጨረሻ ለፕሌይስቴሽን 2 ሲወጣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሴል ሼዲንግ የተሣለ ነበርና። እዚህ ላይ ዘግይቶ የመጣው እትም ለተከታዩ ሥራ መንገድ ጠራጊ ሆኗል ማለት ይቻላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ዘግይቶ የሚመጣ እትም እንደ ተረፈ ምርት ስለሚታይ ይህ ውለታው ሳይነገርለት ቀርቷል።

ሁለተኛው ቡዶካይ ወደ ጌምኪዩብ የተሻገረው ከአንድ ዓመት በኋላ ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ልዩነቱ ከሥዕሉ ይልቅ በጆይስቲኩ ላይ ጎልቶ ታየ። የፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ በቀኝ አውራ ጣት ሥር እኩል መጠን ያላቸው አራት ቁልፎች በመስቀል ቅርጽ የተደረደሩበት በመሆኑ፣ ቡጢ፣ እርግጫ፣ መከላከያና የኃይል ጨረር እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ቁልፍ ይዘው ማንም ከማንም ሳይበልጥ ይቀመጣሉ። የጌምኪዩቡ ግን መካከል ላይ አንድ ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ፣ ከጎኑ አንዲት ትንሽ ቀይ ቁልፍ፣ ዙሪያውን ደግሞ የኩላሊት ቅርጽ ያላቸው ሁለት ቁልፎች ያሉት ነው። ካሜሃሜሃ የሚባለውን የጎኩን ዝነኛ ጨረር ለመልቀቅ ቡጢን አራት ጊዜ ደጋግሞ ወዲያው የኃይሉን ቁልፍ መጫን በሚያስፈልግበት ጌም፣ አውራ ጣት ከቁልፍ ወደ ቁልፍ የሚሄድበት መንገድ ሲቀየር ተጫዋቹ ለረጅም ጊዜ ያዳበረው ልማድ ይፈርሳል።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ለመረዳት ስሙን በጥንቃቄ መለየት ያስፈልጋል። ቡዶካይ ቴንካይቺ በሚል ስም በምዕራቡ ዓለም የተሸጡት ጌሞች ስፓይክ በተባለ ሌላ ኩባንያ የተሠሩና በጃፓን ስፓርኪንግ የሚል ርእስ የያዙ በመሆናቸው፣ ከዲምፕሶቹ ጌሞች ጋር በስም እንጂ በአሠራር ዝምድና የላቸውም። የእነዚህ ሁለተኛው ክፍል በ2006 መጨረሻ፣ ዊ የተባለው የኔንቴንዶ ኮንሶል ገበያ በወጣበት ሰሞን፣ ለፕሌይስቴሽን 2ም ለዊም ቀረበ። ዊ የእጅን እንቅስቃሴ የሚያነብ መቆጣጠሪያ ስላለው ተጫዋቹ ካሜሃሜሃን ለመልቀቅ ሁለት እጁን ወደ ኋላ ስቦ ወደ ፊት ይገፋል፤ ይኸውም ጎኩ በፊልሙ የሚያደርገው ነው። በ2007 በወጣው ሦስተኛው ክፍል ደግሞ የዊ እትም በኢንተርኔት መጋጠምን ሲፈቅድ፣ የፕሌይስቴሽን 2 እትም የቀደሙትን ክፍሎች ዲስክ ላስገባ ተጫዋች ተጨማሪ የፍልሚያ ዓይነቶችን ይከፍት ነበር።

የመጨረሻው ልዩነት ከማሽን ሳይሆን ከሕግ ጋር የተያያዘ ነው። የቡዶካይን ሙዚቃ የደረሰው ኬንጂ ያማሞቶ ሲሆን፣ በ2011 የአኒሜው ሠሪ ቶኤ አኒሜሽን ያማሞቶ ድራጎን ቦል ካይ ለተባለው አኒሜ ከደረሳቸው ዜማዎች አንዳንዶቹ የሌሎችን የቅጂ መብት ሳይነኩ እንዳልቀሩ አስታወቀ። በ2012 አንደኛውና ሦስተኛው ቡዶካይ፣ ሁለተኛው ተዘሎ፣ ለፕሌይስቴሽን 3 እና ለኤክስቦክስ 360 በጥራት ተዘጋጅተው በአንድ ዲስክ ሲወጡ ሥዕሉ ከቀድሞው የጠራ ቢሆንም የያማሞቶ ሙዚቃ ግን በሌላ ተተክቶ ነበር። በ2002 ከመጀመሪያው ፍልሚያ ጋር የተሰማውን ዜማ መስማት የሚሻ ሰው ወደ ቀድሞዎቹ የፕሌይስቴሽን 2 እና የጌምኪዩብ ዲስኮች መመለስ ይኖርበታል።