ኦብሌፒሃ ከወንዝ ዳር ወደ ጓሮ የገባበት መንገድ

ሩሲያውያን ኦብሌፒሃ፣ ጀርመኖች ዛንድዶርን የሚሉት ቁጥቋጦ ዛሬ በችግኝ መሸጫዎች በየስሙ ተመርጦ የሚገዛ ተክል ነው። ቹይስካያ አለ፣ ኤሊዛቬታ አለ፣ ላይኮራ አለ፣ ሄርጎ አለ። ከመቶ ዓመት በፊት ግን በሳይቤሪያ፣ በአልታይ ተራሮች መካከል፣ በካቱን፣ በቹያና በቹሊሽማን ወንዞች ዳር በጠጠርና በአሸዋ ላይ የሚበቅል የዱር እሾህ ነበር። ፍሬው ብርቱካናማና ኮምጣጣ ነው፤ ክብደቱ ግማሽ ግራም አይሞላም። በጣም አጭር በሆነ ዘንግ ከቅርንጫፉ ጋር ስለተጣበቀ ሲለቅሙት ይፈርጣል፣ እሾሁም እጅ ያደማል። እኔ ይህን ተክል ያወቅሁት በሞስኮ የቲሚሪያዜቭ ግብርና አካዳሚ ስማር ነው። ዛሬ በርሊን ውስጥ ጓሮዬ አለ። ታሪኩን የምጽፈው ግን ስለ ጓሮዬ ለመናገር ሳይሆን፣ የአንድን የዱር እሾህ ዕጣ የቀየሩት ሰዎች ሥራ በአማርኛ እንዲነገር ስለምፈልግ ነው።

ሚካይል ሊሳቬንኮ በ1933 (ዘመኑን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዛሬ ጎርኖ አልታይስክ በምትባለው ትንሽ ከተማ የፍራፍሬ ምርምር ጣቢያ አቋቋመ። ፖምና ፒር በብርዱ በሚያልቅበት አገር ፍሬ አበቅላለሁ ብሎ መነሳት ድፍረት ይጠይቃል። ከሩቅ ባመጣው ብቻ አልተወሰነም፤ እዚያው ወንዝ ዳር ወዳለው እሾህም ፊቱን አዞረ። በማግስቱ ዓመት ከካቱን ዳር የተለቀመ የኦብሌፒሃ ዘር በጣቢያው ተዘራ።

የተዘራው ዘር እናቱን መስሎ አይወጣም። አንዱ እሾሃም፣ ሌላው እሾህ አልባ፤ አንዱ ትልቅ ፍሬ፣ ሌላው ጥቃቅን፤ የአንዱ ዘንግ አጭር፣ የሌላው ረዘም ያለ ይሆናል። ግማሽ ያህሉ ደግሞ ወንዴ ስለሆነ ጨርሶ አያፈራም፤ ይህም የሚታወቀው ተክሉ ጥቂት ዓመታት ካደገ በኋላ ነው። መራጩ ከብዙ ችግኝ መካከል አንዷን ለማግኘት ዓመታት ይጠብቃል፣ ያገኛትን ከሌላ ያዳቅላል፣ እንደገና ይጠብቃል። በመካከል ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ፣ ጣቢያውም ኋላ ወደ ባርናውል ተዛወረ። የመጀመሪያዎቹ ዝርያዎች ለአትክልተኛ የደረሱት በ1960ዎቹ ነው። ዳር ካቱኒ፣ ማለትም የካቱን ስጦታ፣ ኖቮስት አልታያ፣ ቪታሚናያ፣ ማስሊችናያ ተባሉ። ከመጀመሪያው ዘር 30 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ሊሳቬንኮ በ1967 ሲሞት ሥራውን ኤሊዛቬታ ፓንቴሌዬቫን የመሰሉ ተመራማሪዎች ቀጠሉት፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ የወጣችው ቹይስካያ ፍሬዋ ወደ አንድ ግራም ይጠጋል፣ እሾሿም ጥቂት ነው። የጣቢያው ወራሽ ተቋም ዛሬም በእርሱ ስም ይጠራል።

በዚያው ዘመን የፍሬው ዘይት ለቃጠሎ ቁስል መድኃኒት ሆኖ በመላው ሶቪየት ኅብረት ስሙ ገነነ። ዘይቱ ከመድኃኒት ቤት ሲታጣ ሰው ወደ ወንዝ ዳር ወረደ፤ ለቀማው አድካሚ ነውና ቅርንጫፉን እየቆረጠ ይዞ ሄደ። የዱሩን ከዚህ ጥፋት ለማዳን ከሁሉ የሚሻለው በየጓሮው መትከል ነበር። ለዚያ ደግሞ ጾታው የታወቀ ችግኝ በብዛት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የእኔ አካዳሚ ይገባበታል። ፕሮፌሰር ታራሴንኮ በቲሚሪያዜቭ ለምለም ቁርጥራጮችን በአርቴፊሻል ጉም ውስጥ ሥር የማስያዝ ዘዴ አዳበሩ። ከአንዲት የታወቀች ሴቴ እናት የተቆረጠ ለጋ ቅርንጫፍ አሸዋና አተር አፈር ላይ ይሰካል፤ የደቀቀ ውኃ በየጊዜው ስለሚረጭበት ቅጠሉ ሳይጠወልግ ሥር ያወጣል። የሚገኘው ችግኝ በጾታውም በፍሬውም እናቱን ነው። በእነዚያ የመስታወት ቤቶች ውስጥ እርጥብ አሸዋ እየሸተተኝ ሰርቻለሁ። ስለ ዝርያ ሲወራ ስሙ ሁሉ የሚሄደው ለአዳቃዩ ነው፤ እኔ ግን ያለ አባዢው ዝርያ በጣቢያ መዝገብ ውስጥ ይቀር ነበር እላለሁ።

የአልታይ ዝርያዎች ሞስኮ ሲተከሉ አልተመቻቸውም። ሳይቤሪያ ክረምቱ አንዴ ከገባ አይላላም። ሞስኮ ግን መሀል ክረምት ላይ በረዶው ይሟሟል፤ የአልታዩ ቁጥቋጦ ጸደይ የመጣ መስሎት ይነቃል፣ ተመልሶ በሚመጣው ብርድም ይደርቃል። ስለዚህ በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ማዕከል ትሮፊሞቭና ተባባሪዎቹ በካሊኒንግራድ የባልቲክ ዳርቻ የሚበቅለውን ዓይነት ከሳይቤሪያው ጋር እያዳቀሉ ሌላ ትውልድ አወጡ። ትሮፊሞቭስካያ የምትባለው ዝርያ የእርሱን ስም ይዛለች።

ምሥራቅ ጀርመን ደግሞ በራሷ መንገድ ሄደች። ሎሚና ብርቱካን በቀላሉ በማይገኝባት አገር የሰሜኑ ሎሚ የተባለው ይህ ፍሬ ትልቅ ነገር ነበር። በበርሊን ባውምሹለንቬግ፣ በ1720 በተመሠረተው የሽፔት ችግኝ ጣቢያ፣ ሀንስ ዮአኪም አልብረኽት ከ1960ዎቹ ጀምሮ የባልቲክ ዳርቻውን ዓይነት መርጦ ላይኮራን በ1979፣ ሄርጎን በ1983 አወጣ። የአልታዮቹ ለስለስና ጣፈጥ ያሉ ናቸው፤ የአልብረኽት ዝርያዎች እሾሃም፣ ኮምጣጣና በቪታሚን ሲ የበለጸጉ ናቸው። በእርሻ ላይም ፍሬ ያዘለውን ቅርንጫፍ ቆርጦ በኃይለኛ ቅዝቃዜ አጠንክሮ ፍሬውን ማራገፍ ተለመደ፤ ቅርንጫፉ እንደገና እስኪያፈራ ግን ተክሉ ያርፋል።

በርሊን ውስጥ የምትኖር አንዲት ወጣት ኢትዮጵያዊት ባለፈው ጊዜ፣ «ጋሼ፣ ይሄን ያህል ዓመት አጠጥቼው አንድ ፍሬ አላየሁበትም፣ ልነቅለው ነው» አለችኝ። ሄጄ አየሁት፤ ቁጥቋጦው ጤነኛ ነው፣ ሴቴም ነው፣ በአካባቢው ግን ወንዴ የለም። «አይ ልጄ፣ አትንቀይው፤ ባል ነው ያጣው» አልኳት። የሚያራክበው ነፋስ ነው፣ ንብ አይደለም። አንድ ወንዴ ለስድስት ያህል ሴቴዎች ይበቃል፤ ጀርመኖቹ ለዚሁ ፖልሚክስ የሚባሉ ወንዴዎች አሏቸው። ፀሐይ የሞላበት ቦታና ውኃ የማይቋጥር አፈር ይፈልጋል። ሥሩ ላይ ያሉት እብጠቶች ከአየር ናይትሮጅን ስለሚያዘጋጁለት ፍግ አታብዙበት። ሥሩ ከመሬት ገጽ ብዙም ስለማይርቅ በዙሪያው አትቆፍሩ። በርሊን ላይ የምትተክሉ ከሆነ ከአልታዮቹ ይልቅ የባልቲኩን ወገን ምረጡ፤ ጣፋጩ በጀርመን ልል ክረምት ዕድሜው አጭር ነው።

በ2013 የኦብሌፒሃን ፍሬ የምታጠቃ ዝንብ ጀርመን ውስጥ ታየች፤ ትሏ የፍሬውን ሥጋ በልታ ባዶ ልጣጭ ትተዋለች። ከዚያ ወዲህ በሰሜን ጀርመን ቁጥቋጦዎቹም ራሳቸው እየደረቁ ነው፤ በዱሩም በእርሻውም። ሊሳቬንኮና አልብረኽት የጀመሩት መምረጥ እንግዲህ እንደገና መጀመር አለበት።

እኛ አገር አጋም አለ፣ ቀጋ አለ፣ እንጆሪ አለ፤ ሁሉም እሾሃም፣ ሁሉም እረኛ የሚያውቃቸው። የትኛው የአጋም ቁጥቋጦ ፍሬው እንደሚተልቅና እንደሚጣፍጥ በየመንደሩ ያሉ ልጆች ያውቃሉ። ሊሳቬንኮ ወንዝ ዳር የጀመረው ከዚህ የበለጠ እውቀት ይዞ አይደለም። አገር ቤት ያላችሁ፣ በተለይ የግብርና ተማሪዎች፣ ልጆቹን ጠይቁ፤ ያሳዩአችሁን ቁጥቋጦ ምልክት አድርጉበት፣ ከፍሬው ዘር ያዙና ዝሩ፣ ከቅርንጫፉም ቆርጣችሁ ሥር ለማስያዝ ሞክሩ። ጫካው ተመንጥሮ ሳያልቅ ጀምሩ።