የአነስተኛ አውሮፕላን የሕይወት ማቆያ ቁሳቁስ (ድሬዳዋና አካባቢዋ)

የሕይወት ማቆያ ቁሳቁስ አነስተኛ አውሮፕላን ከማረፊያ ርቆ በግዳጅ ሲያርፍ ወይም ሲወድቅ፣ የተረፉት ሰዎች ነፍስ አድን እስኪደርስላቸው በሕይወት እንዲቆዩና በቀላሉ እንዲገኙ የሚይዙት መሣሪያና ስንቅ ነው። ምርጫው የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፦ በሚበረርበት ምድር፣ ፍለጋው ሊወስድ በሚችለው ጊዜና አውሮፕላኑ ሊሸከም በሚችለው ክብደት። ከድሬዳዋ ለሚነሳ በረራ ምርጫው የሚከብደው፣ ብርድ ያለበት ደጋና ውሃ የሌለው ቆላ በአንድ አጭር ጉዞ ውስጥ ስለሚገኙ ነው።

መልክዓ ምድርና በረራ

የድሬዳዋ አባ ጠና ደጃዝማች ይልማ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 1,160 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ከከተማዋ በስተደቡብ የሐረርጌ ተራሮች ይነሳሉ። ከእነዚህ መካከል ጋራ ሙለታ ከ3,300 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። በስተሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ግን ምድሩ ወደ ሽንሌ፣ አይሻና ደወሌ እያለ እስከ ጅቡቲ ድረስ ደረቅ ቆላ ነው። ሰፈሮች ተራርቀው የሚገኙ ሲሆን ነዋሪዎቹ በአብዛኛው አርብቶ አደሮች ናቸው።

በዚህ አካባቢ የአነስተኛ አውሮፕላን ዋነኛ ሥራዎች ከሆኑት አንዱ አንበጣን መከላከል ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተው የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት በድሬዳዋ የሥራ ጣቢያ አለው። እ.ኤ.አ. በ2019 እና በ2020 የአንበጣ መንጋ ምሥራቅ ኢትዮጵያን ባጥለቀለቀ ጊዜም አሰሳና ርጭት በአውሮፕላን ተካሂዷል። እንዲህ ያለው በረራ ከተለመዱት የአየር መስመሮች ውጭና ለመሬት በጣም ቀርቦ የሚካሄድ ነው። የአውሮፕላን ሬዲዮ ሞገድ ተራራን አልፎ ስለማይሄድ፣ ዝቅ ብሎ የሚበር አብራሪ የችግር ጥሪውን ማንም ሳይሰማው ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ከመሬት ላይ ሆኖ ምልክት መስጠት የሚያስችል መሣሪያ ያስፈልገዋል።

ደንብ

ኢትዮጵያ አባል የሆነችበት ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት (አይካኦ) ለአውሮፕላን አሠራር ባወጣው 6ኛው ዓባሪ፣ ፍለጋና ነፍስ አድን በተለይ አስቸጋሪ ነው ተብሎ በተወሰነ ምድር ላይ የሚበር አውሮፕላን ለአካባቢው ተስማሚ የሆነ የምልክት መስጫና የሕይወት ማቆያ ቁሳቁስ እንዲይዝ ያዛል። ደንቡ ዝርዝሩን አንድ በአንድ አይቆጥርም። ስለሆነም ምርጫው በአገሩ ባለሥልጣን መመሪያና በአብራሪው ማስተዋል ይሟላል።

የበረራ ዕቅድ ቅጽ 19ኛ ክፍል በአውሮፕላኑ ላይ ያለውን የሕይወት ማቆያ ቁሳቁስ በአራት ይከፍለዋል፦ የዋልታ፣ የበረሃ፣ የባሕርና የጫካ። በዚሁ ክፍል የሰዎቹ ቁጥር፣ ነዳጁ የሚበቃበት ሰዓትና የአውሮፕላኑ ቀለም ይሞላሉ። ፈላጊዎች ምን ያህል ሰው፣ ምን መልክ ያለው አውሮፕላንና እስከ መቼ ሊቆዩ የሚችሉ ሰዎችን እንደሚፈልጉ የሚያውቁት ከዚህ ነው።

ፍለጋ የሚወስደው ጊዜ

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 7 ቀን 1989 የአሜሪካ ምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድን ጨምሮ 16 ሰዎችን የያዘ ትዊን ኦተር አውሮፕላን ከአዲስ አበባ ተነስቶ ጋምቤላ ውስጥ ወደሚገኘው ፉኝዶ የስደተኞች መጠለያ ሲበር ጠፋ። ስብርባሪው ተራራ ላይ የተገኘው ከ6 ቀን ፍለጋ በኋላ ነበር። ከተሳፋሪዎቹ የተረፈ የለም። ሆኖም የቆይታው ርዝመት፣ ታዋቂ ሰው የጠፋበት ሰፊ ፍለጋ እንኳ ቀናትን ሊፈጅ እንደሚችል ያሳያል።

ውሃ ይዞ ምልክት ማጣት ምን እንደሚያስከትል የሚያሳየው የብሪታንያዊው አብራሪ የቢል ላንካስተር ታሪክ ነው። ላንካስተር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1933 ሰሃራ በረሃ ውስጥ ወደቀ። 9 ሊትር ያህል ውሃ ነበረው፤ ከአውሮፕላኑም አልራቀም። የአውሮፕላኑን ጨርቅ እያነደደ በሌሊት ምልክት ቢሰጥም ያየው አልነበረም። 8 ቀን ቆይቶ ሞተ። አስከሬኑ የተገኘው ከ29 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ነው።

ቁሳቁሱ በቅደም ተከተል

ምልክት መስጫ። ዋናው መሣሪያ በ406 ሜጋኸርትዝ የሚሠራ የአደጋ ጊዜ አስተላላፊ ነው። ኮስፓስ ሳርሳት የተባለው የሳተላይት ሥርዓት ጥሪውን ተቀብሎ ለፍለጋ ማዕከል ያደርሳል። የቀድሞው የ121.5 ሜጋኸርትዝ ጥሪ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 1 ቀን 2009 ጀምሮ በሳተላይት አይደመጥም። ስለዚህ በዚህ ሞገድ ብቻ የሚሠራ አሮጌ አስተላላፊ የሚጠቅመው ቅርብ ለደረሰ ፈላጊ ነው። በአውሮፕላኑ ላይ የተተከለ አስተላላፊ አንቴናው ሊሰበር ወይም በእሳት ሊቃጠል ስለሚችል፣ አብራሪው በኪሱ የሚይዘው ሁለተኛ የግል አስተላላፊ ይመከራል። አስተላላፊው በባለቤቱና በአውሮፕላኑ ስም መመዝገብ አለበት። ሳተላይት ስልክም ይጠቅማል፤ በኢትዮጵያ ግን ለመያዝ አስቀድሞ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ባትሪ የማይፈልገው መሣሪያ መስታወት ነው። በጠራ ፀሐይ ብልጭታው ከብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት ይታያል። ለሌሊት የእጅ ባትሪ፣ ለቅርብ ደግሞ ፊሽካ ይያዛል። የሞተር ዘይት ወይም ጎማ ከአውሮፕላኑ ራቅ ተደርጎ ሲነድ የሚወጣው ጥቁር ጭስ በደማቅ የበረሃ አሸዋ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ጥላና ውሃ። ኤድዋርድ አዶልፍ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው የበረሃ ጥናት መሠረት፣ የጥላ ሙቀት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስበት ቦታ ውሃ የሌለውና የማይንቀሳቀስ ሰው ወደ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ይኸው ሰው በሌሊት ብቻ እንኳ ቢጓዝ ጊዜው ወደ 3 ቀን ይወርዳል። ሙቀቱ 49 ዲግሪ ሲሆን የማይንቀሳቀሰው ሰው ዕድሜ 2 ቀን ነው፤ 4 ሊትር ያህል ውሃ ቢኖረው የሚጨምርለት ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ጥላ መሥሪያ ሸራና ገመድ ከውሃው እኩል ይቆጠራሉ። የፋብሪካ ውሃ በብዙ ትናንሽ ዕቃዎች ቢያዝ ይሻላል፤ አንድ ትልቅ ጀሪካን በግጭት ቢሰነጠቅ ሁሉም ይፈስሳልና። ፀረ ተባይ የነካው ዕቃ ቢታጠብም ለመጠጥ ውሃ አይውልም። ከቁልቋል ዛፍ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽም መርዛማና ዓይንን የሚጎዳ በመሆኑ የውሃ ምትክ አይሆንም።

ሕክምና። ከውድቀት በኋላ ባሉት ደቂቃዎች የሚገድለው በአብዛኛው የደም መፍሰስና እሳት ነው። ስለዚህ የደም ማቆሚያ ማሰሪያ፣ ሰፊ ፋሻ፣ የመቀመጫ ቀበቶ መቁረጫና የእሳት ማጥፊያ ከወንበር ሳይነሱ በሚደረስበት ቦታ ይቀመጣሉ። በተጨማሪ የሕመም ማስታገሻ፣ ኦ አር ኤስ፣ አብራሪው ዘወትር የሚወስደው መድኃኒትና ለወባ መከላከያ አጎበር ይያዛሉ። እባብ የነደፈውን ሰው ቁስል መብጣትና መምጠጥ ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም፤ የተነደፈው አካል እንዳይንቀሳቀስ ይደረጋል።

ልብስና እሳት። በተራራው በኩል ለሚሄድ በረራ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ የግድ ነው። ያው ጋቢ በቆላ ቀን ቀን ለጥላ፣ ሌሊት ለልብስ ያገለግላል። ክብሪት ውሃ በማያስገባ ዕቃ፣ ላይተርና ቢላዋ ይጨመራሉ።

ምግብ። ምግብ መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው ሰው ለብዙ ቀናት ያለ ምግብ መቆየት ስለሚችል ነው። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ቴምር ሳይበላሹ ይቆያሉ። በሶ ግን መበጥበጫ ውሃ ስለሚፈልግ ለቆላ በረራ አይመረጥም።

አያያዝና ክብደት

ቁሳቁሱ በሦስት ቦታ ይከፈላል።
- በአካል ላይ፦ የግል አስተላላፊ፣ መስታወት፣ ፊሽካ፣ ቢላዋ፣ ላይተርና የደም ማቆሚያ ማሰሪያ፣ ብዙ ኪስ ባለው ሰደርያ ውስጥ።
- በበሩ አጠገብ ባለ ቦርሳ፦ ውሃ፣ ሸራ፣ የሕክምና ዕቃ፣ የእጅ ባትሪና ጋቢ።
- በዕቃ ክፍል፦ ትርፍ ውሃና ምግብ።

የሚቃጠል አውሮፕላን ለመውጫ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ በእርግጠኝነት የሚተርፈው በአካል ላይ ያለው ብቻ ነው።

አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ግራም ይመዝናል። በድሬዳዋ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲደርስ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ሞተሩና ክንፉ በመደበኛ አየር 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳሉ ያህል ይሠራሉ። ለመነሳትም ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ውሃው በክብደት ስሌት ውስጥ አስቀድሞ ይገባል፤ ጭነቱ ከበዛ የሚቀነሰው ሌላ ዕቃ ነው። ቦርሳው በደንብ መታሰር አለበት፤ ያልታሰረ ዕቃ በግጭት ጊዜ ሰው ይመታል። የባትሪ፣ የመድኃኒትና የአስተላላፊ ጊዜ ማለፊያ በየወቅቱ ይመረመራል።

ካረፉ በኋላ

አውሮፕላን ከአየር ላይ ሲታይ ከሰው በጣም የጎላ ስለሆነ፣ እሳት ወይም የነዳጅ መፍሰስ ከሌለ አጠገቡ መቆየት ይመከራል። ከመሬት ወደ አየር የሚሰጡ ምልክቶች ቢያንስ 2.5 ሜትር ርዝመት ኖሯቸው በጨርቅ ወይም በድንጋይ ይሠራሉ። የመደመር ምልክት ዘመም ብሎ እንደ መስቀል ሲሠራ የሕክምና እርዳታ ያስፈልጋል ማለት ነው። ሁለት መስመሮች ከታች ተገናኝተው ከላይ ሲከፈቱ እርዳታ ያስፈልጋል ማለት ነው። ቀስት ደግሞ ሰዎቹ ወደዚያ አቅጣጫ መሄዳቸውን ይገልጻል።

በዚህ ምድር ቀድሞ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ ከብት ወይም ግመል የሚጠብቅ ሰው ሊሆን ይችላል። ውሃ በሶማልኛ ቢዮ፣ በኦሮምኛ ቢሻን፣ በአፋርኛ ሌ ይባላል። መስመሩ እስከተቻለ ድረስ በአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር ሐዲድና መንገድ አቅራቢያ ቢመረጥ ደግሞ ፈላጊም ተፈላጊም የሚያውቁት ምልክት ይኖራቸዋል። ከሁሉም በፊት ግን የበረራ ዕቅድ መሙላትና የመድረሻን ሰዓት መሬት ላይ ላለ ሰው መንገር ይገባል፤ መዘግየቱን የሚያውቅ ሰው ከሌለ ፍለጋው በሰዓቱ አይጀመርምና።