በአላባማ ምድር የሞንጎመሪ ሰዎች አውቶቡስ ስለ ተዉበት ዘመን የተጻፈ ዜና

በ1948 ዓ.ም. በዘመነ ዮሐንስ፣ ኅዳር 21 ቀን፣ በጽዮን ማርያም ዕለት፣ በአሜሪካ በአላባማ ግዛት በሞንጎመሪ ከተማ የሆነው እንዲህ ነው። ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ የሚባሉ የ42 ዓመት ልብስ ሰፊ ከሥራ ሲመለሱ አውቶቡስ ተሳፈሩ።

የዚያ አገር ሥርዓት ነጩን ከፊት፣ ጥቁሩን ከኋላ ያስቀምጥ ነበር። ጥቁሩ በፊት በር ገብቶ 10 ሳንቲሙን ይከፍላል፤ ከዚያ ወርዶ በኋላ በር ግባ ይባላል። ዞሮ ሳይደርስ ሹፌሩ ጥሎት የሚሄድበት ጊዜም ነበር። በዚያ ቀን አንድ ነጭ ወንበር ቢያጣ ሹፌሩ በአንድ ረድፍ የነበሩትን አራት ጥቁሮች ተነሡ አላቸው። ሦስቱ ተነሡ፤ ወይዘሮ ሮዛ አልነሣም አሉ። ሹፌሩም ጄምስ ብሌክ ነበር፤ ከ12 ዓመት በፊት ከአውቶቡስ ያስወረዳቸው ያው ሰው። ፖሊስ ጠራ፤ ታሰሩም።

እግራቸው ደክሞ ነው ያልተነሡት የሚል ብዙ ነው፤ ሐሰት ነው። ወይዘሮዋ ለጥቁሮች መብት የሚሟገተው ማኅበር የከተማው ቅርንጫፍ ጸሐፊ ነበሩና የሚያደርጉትን ያውቁ ነበር። ፊተኛዋም እርሳቸው አይደሉም። በ1947 ዓ.ም. የካቲት 23፣ እኛ ዓድዋን በምናስብበት ቀን፣ ክሎዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ተማሪ በዚያው ከተማ አልነሣም ብላ በካቴና ተወስዳ ነበር። የጥቁሮቹ መሪዎች ግን ልጅነቷን አይተው በእርሷ ስም መነሣትን ፈሩ።

ኢ. ዲ. ኒክሰን የሚባሉ የባቡር አስተናጋጅ ወይዘሮ ሮዛን በዋስ አስፈቱ። የዚያች ሌሊት ሥራ ግን የመምህርት ጆ አን ሮቢንሰን ነው። እርሳቸውም ከዓመታት በፊት ባዶ በሚባል አውቶቡስ ከፊት ተቀምጠው ሹፌሩ ሲጮኽባቸው እያለቀሱ የወረዱ ናቸው። ከአንድ የሥራ ባልደረባና ከሁለት ተማሪዎች ጋር ወደሚያስተምሩበት ኮሌጅ ገብተው ስቴንስል ቆርጠው ማባዣውን ያዞሩ ጀመር። ወረቀት እንዲበቃ በአንዱ ገጽ ሦስት ጊዜ ያትሙና ይቆርጡት ነበር። ሲነጋ ሰኞ አውቶቡስ አትሳፈሩ የሚል ከ30,000 በላይ ወረቀት ተዘጋጅቶ ነበር። ኮሌጁ የመንግሥት ነውና ቢታወቅባቸው እንጀራቸውን ባጡ ነበር።

ኅዳር 25 ሰኞ አውቶቡሶቹ ባዶአቸውን ዋሉ። ወይዘሮ ሮዛ በዚያው ቀን 10 ዶላር መቀጫና 4 ዶላር የፍርድ ቤት ወጪ ተፈረደባቸው። ሕዝቡም አዲስ ማኅበር አቁሞ የ26 ዓመቱን ቄስ ማርቲን ሉተር ኪንግን መሪ አደረገ። ማታ በሆልት ጎዳና ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰበው ሰው ከአዳራሹ አልፎ መንገዱን ሞላ።

ከዚህም በኋላ አውቶቡሱን እንደ ተዉ ገረዶችና የቀን ሠራተኞች በእግር ሄዱ፤ መኪና ያለው የሌለውን አሳፈረ። ለቤንዚኑ ገንዘብ ካወጡት አንዷ ወይዘሮ ጆርጂያ ጊልሞር ነበሩ። ምግብ አብሳይ ነበሩ፤ ቄስ ኪንግ በተከሰሱ ጊዜ በችሎት ቢመሰክሩላቸው ከሥራ ተባረሩ። በገዛ ወጥ ቤታቸው ዶሮ እየጠበሱ፣ ከሴቶች ጋር ኬክ እየጋገሩ ሸጡ። ነጭ ቤት የሚያገለግሉት እንዳይታወቁ የማንም ስም አልተመዘገበም። ይህን የሚጽፍ እጅ ስለ ዲስኩር ብዙ ተጽፎ ስለዚያ ምድጃ ጥቂት መጻፉ ያሳዝነዋል።

ጥር 21፣ በአስተርዮ ማርያም ማታ፣ በቄስ ኪንግ ቤት ቦምብ ተጣለ። ሚስታቸው ኮሬታና የወራት ዕድሜ ያላት ልጃቸው ውስጥ ነበሩ፤ ተረፉ። የተቆጣ ሕዝብ መሣሪያ ይዞ ቢመጣ ቄሱ ወደየቤታችሁ ግቡ ብለው መለሱት።

ከተማዋ መኪና ማጋራቱን ለማሳገድ ከሰሰች። ቄሱ በዚያ ችሎት ተቀምጠው ሳለ፣ ኅዳር 4 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአውቶቡስ መለያየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚለውን የበታች ፍርድ ቤት ፍርድ አጸና የሚል ወሬ ደረሰ። ትእዛዙ ከተማዋ ሲደርስ ሕዝቡ አውቶቡስ ከተወ 381 ቀን ሞልቶ ነበር። ታኅሣሥ 12 ሕዝቡ ተሳፈረ፤ ከፊትም ተቀመጠ። ወዲያው በአውቶቡሶች ላይ ጥይት ተተኮሰ፤ አብያተ ክርስቲያናትም በቦምብ ፈረሱ።

ወይዘሮ ሮዛ ሥራ አጥተው ወደ ዲትሮይት ተሰደዱ። ፍርዱን ባስገኘው መዝገብ የእርሳቸው ስም የለም፤ ከከሳሾቹ አንዷ ግን ያቺ ተማሪ ክሎዴት ናት። የልጅነት ክሷ ከመዝገብ የተሰረዘላት በ2014 ዓ.ም.፣ በ82 ዓመቷ ነው።